ፓኒ ሃሊናን «እንዴት ነዎት?» ያልኩ ቀን

ቁጭ በሉ። የቆማችሁም ተቀመጡ። ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ሌላ ሰው አጣፍጦ ሳይነግራችሁ እኔው ራሴ ልንገራችሁ።

ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ለቅሶም ሳቅም እየመጣብኝ ነው፤ ለቅሶው ይበልጣል።

ለማታውቁኝ፣ ሐያት እባላለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ። ሪድበርግ የሚባል ሰፈር አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ።

ከማያቸው አዛውንቶች አንዷ ፓኒ ሃሊና ናቸው። «ፓኒ» በፖላንድኛ ወይዘሮ ማለት ነው። አርባ ዓመት ፍራንክፈርት ኖረዋል፤ ጀርመንኛ እንደ ውሃ ነበር የሚናገሩት አሉ። ባለፈው ክረምት ግን መርሳቱ ባሰባቸውና ጀርመንኛው ጥሏቸው ሄደ። የቀረላቸው ፖላንድኛው ብቻ ነው።

ከእኛ ውስጥ ፖላንድኛ የምትችለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናት፤ የኩሽናዋ አግኒየሽካ።

አንጀቴን በሉኝ። ቀኑን ሙሉ መስኮት እያዩ ይውላሉ። እና አንድ ጥያቄ ብቻ ልማርላቸው አልኩ። አንድ! «እንዴት ነዎት?»

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ሳቁ፣ ሳቁ። እናንተም ሞክሩት!

መጀመሪያ ነገር፣ ለጓደኛ የሚባለው ለእሳቸው አይባልም። «አንቺ ብለሽ ብትጠይቂያቸው በትሪ ነው የሚሉሽ» አለችኝ አግኒየሽካ። ታዲያ ምን ልበል? «ወይዘሮዋ እንዴት ይሰማቸዋል?» ነው አሉ የሚባለው። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው! ግሡ ራሱ እዚያ ማዶ ስላለች ሴትዮ የማወራ ያስመስለኛል። መሃል ላይ ደግሞ «ሼ» የምትባል ሚጢጢ ቃል አለች፤ «ራስን» እንደማለት ናት። እዚያ ምን እንደምትሠራ አግኒየሽካም ልታስረዳኝ አልቻለችም። ከዘለልኳት ግን ትቆጣለች።

ስማቸውም አልተረፈም እኮ! ሃሊና ሲጠሩ «ሃሊኖ» ይሆናሉ።

«ይሄ ሁሉ መከራ ለሰላምታ?» ብዬ ተማረርኩ።

«በእናንተስ እንዴት ነው?» አለችኝ።

እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ፣ እንዴት ነዎት፣ እንዴት ናችሁ አልኳት። ሻይዋን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ማማረር ተውኩ።

ጠዋት ባቡር ውስጥ «ያክ ሼ ፓኒ ቹዬ?» እያልኩ ስለፈልፍ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ሥራ ቦታም እቃ እያጠብኩ፣ አንሶላ እያነጠፍኩ፣ «ያክ ሼ፣ ያክ ሼ»። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ጉዴን ታወጣዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ከእሁድ ጀምሮ ፓኒ ሃሊና መብላት አቆሙ። ማንኪያ ሲቀርብላቸው አፋቸውን ግጥም! ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ልናደርግላቸው ስንል እጃችንን ይገፋሉ። ምን ሆኑ ብንል ያጉተመትማሉ። አግኒየሽካ ደግሞ ለዕረፍት አገሯ ሄዳ ነበር። በስልክ መተርጎሚያ ሞክሬ ነበር፤ ያለ ጥርስ የሚወራ ነገር አይገባው ኖሮ «ድንቹ ሠርግ አልመጣም» ብሎ ተረጎመልኝ።

አለቃዬ «መኖር ሰልችቷቸው ይሆናል» አለች። ለነገ ሐኪም ተጠራ፤ ስብሰባም ተያዘ። በቱቦ ይመገቡ ወይስ ይተዉ የሚለው ሊወሰን ነው። እኔ በበኩሌ እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ሰንብቷል።

ዛሬ ረፋድ ላይ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

«ፓኒ ሃሊኖ፣ ያክ ሼ ፓኒ ቹዬ?»

ዞሩ። አዩኝ። እጄን ያዙ።

መለሱልኝ!

መለሱልኝ ስላችሁ ደግሞ እንዲህ ዝም ብሎ አይደለም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ!

ችግሩ፣ እኔ ጥያቄውን ነው እንጂ መልሱን መቼ ተማርኩ?

እስቲ ፍረዱኝ፣ ደሴ ያደገ ሰው ምን ያደርጋል? እኛ ጋ እንዴት ነሽ ያለ ሰው መልስ አይጠብቅም እኮ። ደህና ነሽ፣ ሰላም ነሽ፣ ልጆች ደህና፣ ጎረቤት ደህና እያለ ይደራርበዋል። ያኛዋም «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለች እኩል ትጠይቃለች። ማንም ማንንም ሳይሰማ በፍቅር ይለያያሉ።

እኔም የለመድኩትን አደረግሁ። እሳቸው ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር፣ ከጥያቄዋ ሌላ የማውቃትን ብቸኛ ቃል ጣል ማድረግ። «ዶብዤ፣ ዶብዤ።» ጥሩ፣ ጥሩ ማለት ነው።

ወደ አፋቸው ጠቆሙ። ዶብዤ። ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። ዶብዤ! ዓይናቸው እንባ ሞላ። የደስታ መሰለኝ፤ የእኔም መጣ። «ዶብዤ፣ ፓኒ ሃሊኖ፣ ዶብዤ!»

እጄን ለቀቁና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እኔ ግን እየበረርኩ ሄጄ መዝገቡ ላይ «በጥሩ ስሜት ላይ ናቸው፤ ብዙ አወሩ» ብዬ ጻፍኩ። ለአለቃዬም ነገርኳት። አጨበጨበችልኝ!

ዞር ስል አግኒየሽካ። ዛሬ ከዕረፍት ተመልሳ ሾርባ ይዛ ስትመጣ በር ላይ ቆማ ሰምታናለች። ፊቷ ነጭ ሆኗል።

«ሐያት፣ ምን እንዳሉሽ ታውቂያለሽ?»

«ደህና ነኝ ነዋ!»

«ይሄ ጥርስ የእኔ አይደለም ነው ያሉሽ። ከእሁድ ጀምሮ እየነገርኳችሁ ነው፣ ድዴ ቆስሏል፣ እርቦኛል፣ የእኔን ጥርስ እዚህ ጎን ያለው ሽማግሌ አድርጎታል፣ ሲስቅ አይቼዋለሁ ነው ያሉሽ። አንቺ ደግሞ ጥሩ፣ ጥሩ አልሻቸው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

እሁድ ጠዋት የሁለቱን ጥርስ ያጠበው ማነው? እኔ። ኩባያዎቹን ጎን ለጎን ደርድሮ ያቀያየረው ማነው? እኔ። ምን እያልኩ ነበር ሳጥብ?

«ያክ ሼ ፓኒ ቹዬ።»

ሄር (አቶ) ኦቶ የሚባሉት የጎን ክፍል አዛውንት ጋ ሮጥን። ዳቦ ሲያኝኩ አገኘናቸው። በፓኒ ሃሊና ጥርስ!

«አይቆረቁርዎትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ትንሽ ያጣብቃል። ግን ሰው ማስቸገር አልወድም» አሉኝ።

እርስዎ ሐበሻ ነዎት እንዴ ልላቸው ምንም አልቀረኝ።

ለአለቃዬ ሄጄ በራሴ አፍ ተናገርኩ። ቅድም ያጨበጨበችበትን እጇን ግንባሯ ላይ አደረገችው። የነገው ሐኪም የሚመጣው አሁን ለድዳቸው ነው። የነገው ስብሰባ ግን አልቀረም፤ ስለ እኔ ሆኗል።

ፓኒ ሃሊና ለብ ያለውን ሾርባ ያለ ጥርስ እንዳለ ጨረሱት። ሳህኑን በዳቦ ልብ ጠረጉት! አራት ቀን ሙሉ የራባቸውን ሰው ነው እኔ ጥሩ ያልኳቸው። ያንን ሳይ አልቻልኩም፣ እዚያው አለቀስኩ።

አግኒየሽካን አጠገቤ አስቀምጬ ፓኒ ሃሊናን ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ያቺኑ ጥያቄ እንደገና ጠየቅኋቸው። አጠር አድርገው መለሱ። አግኒየሽካ ለመተርጎም አመነታች።

«ልጅቷ በደንብ ነው የምትጠይቀው ይላሉ። አንድም ስህተት የለባትም። ግን ስትጠይቅ ፊቷ ባቡር የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።»



ከሥራ ወጥቼ፣ እውነት ባቡር እየጠበቅሁ፣ ደሴ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እንዴት ነሽ እማ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ «በይ ቻው፣ ባቡሬ መጣ» ነው የምላት። ዛሬ ዝም አልኩ።

«ሐያት? ኔትወርኩ ሄደ እንዴ?»

«አልሄደም። እየሰማሁሽ ነው።»



«ያው ግራ ዓይኔ አላይ አለኝ እንጂ ደህና ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከካቻምና።»

ካቻምና! በየሳምንቱ እየደወልኩ እንዴት ነሽ እላታለሁ እኮ። በገዛ ቋንቋዬ፣ አንድም የሰዋስው ስህተት ሳልሠራ።

ባቡሩ መጣ፣ አሳለፍኩት። የሚቀጥለውንም አሳለፍኩት። ስለ ዓይኗ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ብቻዋን ስለምትበላው ምሳ ነገረችኝ። አንዴም ጥሩ አላልኩም።

በሉ እንግዲህ፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ?

ኮመንት ላይ «ደህና» ብሎ የሚጽፍልኝን ሰው ግን ወላሂ ብሎክ ነው የማደርገው!