በር ምን ባትሪ ያስፈልገዋል?

ቤቱን ሁሉ በስልክ የሚያዝ ሰው አይታችኋል? እኔ ቃሊቲ ባትሪ ስለምሸጥ ብዙ አይቻለሁ። የቱሉ ዲምቱው ጋሽ ታደሰ አንዱ ናቸው።

«ለዋይፋዩ፣ ለካሜራውና ለመጋረጃው የሚሆን ባትሪ ምረጥልኝ።»

«ለበሩስ ጋሼ?»

«በር ደግሞ ምን ባትሪ ያስፈልገዋል?»

ባትሪውን ተሸክሜ ሸኘኋቸው። ስንደርስ መብራት ጠፍቷል፤ በስልክ የሚታዘዘው በር ከውጭም ከውስጥም አልከፈት አለ። ባትሪው እኛ ጋ፣ መሰኪያው ውስጥ። እናታቸውም ብቻቸውን ውስጥ ናቸው፤ የምሳ ሰዓት መድኃኒታቸው ደግሞ ጋሽ ታደሰ ኪስ ውስጥ።

እማማ በመስኮቱ ብረት መሃል እጃቸውን ዘርግተው መድኃኒቱን ተቀበሉና፣ «ታዴ፣ የአቃቂው በራችን ሲባጎ ትዝ አይልህም?» አሉ። የድሮ በር ሲባጎ ማን ይረሳዋል? በቀዳዳ ወጥቶ ይንጠለጠል ነበር፤ የመጣ ሁሉ እሱን ስቦ መቀርቀሪያውን ይከፍታል።

በሩ የተከፈተው ማታ መብራት ሲመጣ ነው። በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ሱቄ መጡ። ለበሩ የሚሆን ባትሪ ላወርድ ስል፣ «ተወው» አሉኝ። «ሲባጎ አለህ?»