የእናና ጉልበትና የድኝ ክኒን

ድኝ ይዋጣል ብሎ ማን አሰበ? እኔ ድኝን የማውቀው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ የእከክ ቅባት ውስጥ፣ ሌላው ሰዶምና ገሞራ ላይ። ሁለቱም ቦታ ሰው ደስ ብሎት አልተቀበለውም።

ዘንድሮ ግን ከተማችን ገንዳ ውሃ ድኝ እየዋጠች ነው። በክኒን መልክ፣ በነጭ ፕላስቲክ ዕቃ፣ ከሱዳን በኩል ይገባል። ለመገጣጠሚያ ነው ይላሉ። ለፀጉር፣ ለጥፍር፣ ለቆዳ፣ ለእንቅልፍም ይላሉ። ትራክተር የሚነዳው ጎረቤቴ ወገቤን አሻለኝ ይላል። ወገቡን ያመመው በእርሻ ወቅት ነበር። አሁን ትራክተሩ ቆሟል። እሱ የሚያመሰግነው ግን ድኙን ነው።

እኔ ምን ቤት ነኝ? ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ሙሉ በነሐሴ ወባ ይዟት ዐረፈች። እናቷ ለቀብር ከወገራ ወረዱ። እናና ነው የምንላቸው። ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው እኔ ዘንድ ተቀመጡ። ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ፣ ብርቱካን። «ቆላ ልጄን በላ፤ የልጅ ልጄን አይበላም» አሉ እናና። ይዘዋት ወደ ደጋ ሊወጡ ነው። እውነታቸውን ነው። የያዛቸው ጉልበታቸው ብቻ ነው። አውቶቡሱ ከሚያወርዳቸው ቦታ እስከ ቤታቸው ዳገት ነው፤ የሚወጣውም በእግር ነው። «ጉልበቴ ትንሽ ሲሻለኝ እንሄዳለን» ይሉኛል ጧት ማታ።

ከዚያ ስለ ድኙ ሰሙ። «እስቲ ያን ክኒን ግዛልኝ፣ ልጄ።»

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ሰው መድኃኒት ሲገዛ እንዲሠራለት ይመኛል። ይሄ ከሠራ ግን ልጄ ሄደች። አልገዛም እንዳልል አማት ናቸው፤ ያማቸዋል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔ ድኝ ገዛሁ። መንገድ ላይ ጽሑፉን አየሁት። እንግሊዝኛዬ ብዙ አያስኬድም፣ ይቺ ግን ገባችኝ። መገጣጠሚያን ይደግፋል ይላል። ያድናል አይልም። ደስ አለኝ። ከዘራም ይደግፋል፤ ለዚያውም ሳይዋጥ።

እናና መዋጥ ጀመሩ። ድኙ መጀመሪያ የሠራው ሆዳቸው ውስጥ ነው። አያቷ ባገሱ ቁጥር ብርቱካን አፍንጫዋን ይዛ ትስቃለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው። ይሄ ጥቅም ዕቃው ላይ አልተጻፈም።

የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጡ። ሰዶም ላይ የዘነበውን ነው ወይ የምትውጪው ብለው እናናን ተቆጡ። ስሸኛቸው ግን ደጅ ላይ ቆም አሉና፣ ለወገብም ይሆን እንደሁ ዝግ ብለው ጠየቁኝ።

ቀጥሎ የእናና ፀጉር በቀለ። ሐዘንተኛ ፀጉሩ ቶሎ ሲበቅል ሰው ያያል። ሴቶቹ ተንሾካሾኩ፤ ሐዘኑን ቶሎ ጨረሱት ተባለ። እናና ተናደው ዳግመኛ ተላጩ። ደረቱን የነፋው ክኒን ሻጩ ነው። ሰውን ሁሉ እንደ ሱዳኖቹ «ያ ዙል»፣ አንተ ሰው፣ እያለ ነው የሚጠራው።

«ያ ዙል፣ ፀጉር ያበቅላል አላልሁህም?» አለኝ።

ከቀብሩ ጀምሮ ያልተላጨሁትን ጢሜን አሳየሁት። ምንም ሳልውጥ አገጬን ሸፍኖታል።

«ሽንኩርት በልተህ ነው። ሽንኩርት ውስጥም ድኝ አለ።»

ታዲያ እናና ለምን ሽንኩርት አይበሉም አልሁት። ሽንኩርት ተወዷል አለኝ።

ጉልበቱስ? በየዕለቱ እጠይቃቸዋለሁ። ባሰብኝ ይላሉ። አይዞዎት እላለሁ። ፊቴን አዙሬ ነው የምለው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእናናን ያወጣው መንገድ ነው። የምሠራው ሰሊጥ መጋዘን ነው። አንድ ጧት ከመጋዘኑ በር ላይ ሆኜ ከቤተ ክርስቲያን በኩል ሲመጡ አየኋቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ከከተማው ጫፍ ነው፤ ጎረምሳ እንኳ በባጃጅ ነው የሚሄደው። እሳቸው ብርቱካንን አዝለዋል። አያነክሱም። እንዲያውም ባዶ እጃቸውን የሚሄዱ ሁለት የቀን ሠራተኞችን ቀድመው አለፉ። እኔ ከጆንያው ጀርባ ተደበቅሁ። ማን ማንን መደበቅ እንደነበረበት እናንተው ፍረዱ።

ቤት ስገባ ብርቱካንን ጠዋት የት ነበራችሁ አልኋት።

«እማዬ ጋ» አለች። «ሁልጊዜ እንሄዳለን።»

እናና እያነከሱ እራት አቀረቡ። ጉልበትዎ እንዴት ዋለ አልኋቸው።

«ኧረ አልቻልሁም። በዚህ ጉልበት ያን ዳገት አልወጣውም።» እንጀራውን ቆረሱና መልሰው አስቀመጡት። «ደግሞስ እሷን ብቻዋን ቆላ ላይ ጥዬ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። «ክኒኑ አልቋል። ሌላ ግዛልኝ።»

«እገዛለሁ» አልሁ።

በማግስቱ መጀመሪያ አዲስ አጎበር ገዛሁ። ድኝ ትንኝ አይከለክልም። ከዚያ ወደ ሻጩ ሄድሁ።

«ያ ዙል፣ ተሻላቸው?»

«ምንም።»

ዕቃውን ሊያቀብለኝ ዘርግቶ እጁን መለሰው። «እና ካልሠራ ለምን ትገዛለህ?»

«አለመሥራቱን እንዲቀጥልልኝ» አልሁት።