ስሙን ያልጠቀስኩት ወንድም

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ አበው። መልካም። ብቅል የማይቀምስ ሰውስ የሆዱን በምን ያውጣ? አበው ይህን ሳይነግሩን ስላለፉ ራሴው ልመልሰው፤ በጸሎት ነው። እኛ የቡታጅራ መንፈሳዊ ወጣቶች ጠላ ቤት ደጃፍ አንደርስም፣ ጫት ላይ አንቀመጥም፣ ሰው ስናማም ማንም ሰምቶን አያውቅም። ሐሜት ኃጢአት መሆኑን ጠንቅቀን እናውቃለንና! የሰው ጉዳይ ማንሳት ሲያምረን ዓይናችንን እንጨፍናለን፣ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ ከዚያም «አንድ የጸሎት ርዕስ አለኝ» እንላለን። ያኔ ነገሩ ሐሜት መሆኑ ይቀርና «ሸክም» ይባላል። ሸክም ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ብዙ ሰው ሲያግዝ ይቀላል።

የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። የምነግራችሁ ነገር ስለሚከብደኝ ዙሪያውን እየዞርኩ ነው።

ሙያዬ ሞባይል ጥገና ነው። ሰው ስልኩን ከነሆድ ዕቃው ጥሎልኝ ይሄዳል። የባልና ሚስቱ ጭቅጭቅ፣ የፍቅረኛሞቹ ፎቶ፣ ለማንም ላለማሳየት የተማለበት መልእክት ሁሉ እጄ ላይ ያድራል። በስድስት ዓመት ውስጥ የአንድ ሰው መልእክት ከፍቼ አላነበብኩም። ይህን የምላችሁ ልመካ ፈልጌ አይደለም፤ ምስጢር መጠበቅ የማያውቅ ሰው እንዳልነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው። በሥራ ሰዓት አውቅበት ነበር።

ዘርጋው ጎረቤቴ ነበር። ከእኔ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ባለው በሀጂ ሸምሱ ልብስ ስፌት ቤት ይሠራ ነበር። የአገና ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሳቁ እንኳ ድምፅ የሌለው። የኅብረታችን መዘምራን የሚለብሱትን በሙሉ የሰፋው እሱ ነው፤ የወፍራሙንም የቀጭኑንም ልክ ያውቃል፣ ማን ከዓምና ዘንድሮ እንደወፈረ ያውቃል፣ ለማንም ተናግሮ ግን አያውቅም። ማርታ የምትባል የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች፣ እሷም የእኛው ኅብረት ልጅ። ወደዳት። እሷም አልጠላችውም። ነገሩ ሽማግሌ ወደ መላኩ እየተጠጋ ነበር።

አንድ ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሱቄ ገባና በሩን ከኋላው ገርበብ አድርጎ ተቀመጠ። አምስት ዓመት ሙሉ የኤችአይቪ መድኃኒት እንደሚወስድ ነገረኝ። በየሦስት ወሩ ቡኢ ድረስ እየሄደ ያመጣል፤ እዚያ የሚያውቀው ሰው የለም። ጤናው ደህና ነው፣ ማግባትም መውለድም እንደሚችል ሐኪሞቹ ነግረውታል። «ሽማግሌ ሳልልክ እኔው ራሴ ልነግራት እፈልጋለሁ» አለኝ። «ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። ምን ብዬ ልጀምርላት?»

አያችሁ? ሰውየው የፈለገው ስብከት አይደለም። አንድ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው። ጓደኛ ብሆን ኖሮ እዚያው ቁጭ ብዬ አብሬው እፈልግለት ነበር። እኔ ግን ከጓደኝነት ከፍ ያለ ነገር አማረኝና «እጸልይበታለሁ» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። አመስግኖኝ ሄደ።

ረቡዕ ከሥራ መልስ የወጣቶች ጸሎት ነበር። ዘርጋው አልመጣም፤ መስቀል ደርሶ ነበር። በመስቀል ሰሞን ጉራጌ አገር ልብስ ሰፊ ቀና ብሎ ሰው አያይም። መሪያችን «የጸሎት ርዕስ ያላችሁ» ሲል እጄን አወጣሁ። እንዲህም አልኩ፦ «ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ወንድም አለ። ለዓመታት የኤችአይቪ መድኃኒት ሲወስድ ኖሯል። አሁን ትዳር አስቦ ለእህታችን እንዴት እንደሚነግራት ጨንቆታል። ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ የሚያስበውን ጌታ ያያል፤ መንገድ ይክፈትለት።»

ስፌት መኪናውን ለምን እንደጨመርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጸሎት ሲያምር እወዳለሁ መሰለኝ። በኅብረታችን ስንት ልብስ ሰፊ አለ ብትሉኝ፣ አንድ።

አርባ ሰው ጸለየ። ከልቡ ነው የጸለየው፤ ያለቀሱም ነበሩ፣ ይህን አልክድባቸውም። እኔም አለቀስኩ፣ ደስ የሚል ለቅሶ። ዓይኔን ስገልጥ ማርታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ሁሉም ዓይኑን ገልጦ መዝሙር ሲጀመር እሷ ገና እንደጨፈነች ነበር። ምን እንዳደረግኩ ያኔ ገባኝ። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ።

በማግሥቱ ፍቅራችንን በሥራ ልንገልጥ ወጣን። አንዱ ወንድም ስፌት ቤቱ ገብቶ ደንበኛ ፊት የዘርጋው ራስ ላይ እጁን ጭኖ ጸለየ። አንዷ እህት አቅፋው «አይዞህ፣ ሁላችንም አውቀናል» አለችው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶች ለመስቀል ሊያሰፉት የሰጡትን ጨርቅ ሳይቀደድ መልሰው ወሰዱ። ማርታም ሄዳ ነበር። ከመኪናው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም አሉ። ትንሽ ቆማ ተመለሰች።

ማታ ሱቄን ልዘጋ ስል መጣ።

«ነገርካቸው?»

«ለጌታ ነው የነገርኩት» አልኩት። «ስምህንም አልጠራሁም።»

«እሱማ ያውቅ ነበር» አለኝ።

ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ቢጮህብኝ፣ በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ ለበዓል ወደ አገር ቤት ሲጎርፍ እሱም አገና ሄደ። ሁሉም ሲመለስ እሱ አልተመለሰም።

የት እንደገባ ልጠይቅ ሀጂ ሸምሱ ዘንድ ሄድኩ። ከሀጂ ጋር ስለ ሃይማኖት ብዙ ጊዜ ተከራክረን እናውቃለን፤ እኔ ሁልጊዜ አሸንፍ ነበር፣ ቢያንስ ለእኔ። የዚያን ዕለት ግን ወንበር እንኳ አልሰጡኝም።

«እኔ እኮ ከጥንት ጀምሮ አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ነግሮዎት ነበር?»

«ምን ብሎ ይነግረኛል? ኪኒኑ ከኮቱ ወድቆ አገኘሁት። መልሼ ኪሱ ውስጥ አደረግኩ። ለመድኃኒቱ ቡኢ እንደሚሄድም ደረስኩበት፤ ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ‹ክር አልቋል፣ ቡኢ ሂድና አምጣ› እለዋለሁ። ወላሂ፣ ቡታጅራ ክር ጠፍቶ ነው ቡኢ የሚኬደው? ሰው እንዳይጠይቀው ብዬ ነው።» መቀሱን አነሱና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። «እሱም አውቆብኛል መሰለኝ። አንድ ቀን እንኳ ክሩን ረስቶ መጥቶ አያውቅም።»

እኔ የተማርኩትን የፍቅር ትምህርት ብዛት ብነግራችሁ ትደክማላችሁ። ሀጂ ግን ክር ያስመጡ ነበር።

ኋላ እንደሰማሁት ዘርጋው ወልቂጤ ነበር። አንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቶ ልብስ ይጠግናል። መድኃኒቱን ለማምጣት ቡኢ መሄድ አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ቡታጅራ መናኸሪያ ወርዶ መኪና መቀየር አለበት፣ እዚያ ደግሞ እኛ አለን። መድኃኒቱን ወልቂጤ ላይ እንዳይጀምር ከሥር ጀምሮ ለአዲስ ሰው መናገር ሊኖርበት ነው። አንዴ ተናግሮ ያተረፈውን አይቷል። መድኃኒቱን ተወው።

ሚያዝያ ላይ እህቱ ደወለችልኝና ሄድኩ። ሳየው አላወቅኩትም፤ ያ ሁሉ ሰው አልቆ ዓይን ብቻ ቀርቷል። ሐኪም ቤት የገባው ዘግይቶ ነበር። አልጋው ሥር ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። እጁን ይዤ ልጸልይለት አፌን ስከፍት ጣቴን ጨበጥ አደረገኝ። «በልብህ» አለኝ። «ድምፅ አታውጣ።» በሳምንቱ ሞተ።

ዛሬ ያንን መድኃኒት በአግባቡ የሚወስድ ሰው ወልዶ፣ ልጅ ድሮ፣ የልጅ ልጅ አቅፎ ይኖራል። ይህን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ገደልኩት ብል ታጽናኑኛላችሁ፤ አልገደልኩትም ብል ዋሸሁ። ሁለቱንም ሞክሬ አይቻለሁ፣ አንዱም እንቅልፍ አይሰጥም።

ቀብሩ አገና አጠገብ፣ ከአባቱ ቤት ጀርባ ካለው የእንሰት ማሳ ወዲያ ነበር። የኅብረታችን ልጆች ሚኒባስ ይዘው መጡ። ሀጂ ሸምሱም መጥተው ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ፈንጠር ብለው ቆመዋል። የሟች የሕይወት ታሪክ የሚነበብ ስለሆነ አጎቱ ወደ እኔ መጣ። «የልብ ጓደኛው አንተ ነህ አሉ፤ አንተ ጻፍልን። ብቻ በሽታውን እንዳታነሳ፣ ያላገቡ እህቶች አሉበት።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት። ሲወለድ፣ ሲማር፣ ሙያ ሲይዝ፣ ጌታን ሲያገለግል። ከዚያም «ባደረበት አጭር ሕመም» ብዬ ቆሜ በከፍተኛ ድምፅ አነበብኩ። አርባዎቹ ጸጥ ብለው ሰሙኝ። አንድም ሰው ቀና ብሎ ሌላውን አላየም፣ አንድም ሰው አላንሾካሾከም። እንዲህ አፋችንን መዝጋት የምንችል ሰዎች መሆናችንን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

አፈሩ ተመልሶ ካበቃ በኋላ አባትየው በከዘራቸው እየተደገፉ ወደ እኔ መጡ። ማን ምን እንዳለ፣ ረቡዕ ምን እንደተጸለየ አያውቁም። በሁለት እጃቸው ፊቴን ያዙት፤ እጃቸው አፈር አፈር ይል ነበር።

«የልጄን ገመና ሸፈንክልኝ» አሉ፣ እንባቸው እየወረደ። «ወዳጅ ማለት እንዳንተ ነው። ያንተንም ገመና እሱ ይሸፍንልህ።»

የአባት ምርቃት ዝም ተብሎ አይታለፍም። «አሜን» አልኩ። ከኋላዬ የቆሙት የኅብረታችን ልጆችም «አሜን» አሉ። ማርታ ብቻ አፏን አልከፈተችም።