ሸሪኮቻቸውን የሚቆልፉት አቶ ወልደአማኑኤል

አቶ ወልደአማኑኤል በየማለዳው የጨው መጋዘናቸውን ከፍተው ሸሪኮቻቸውን ያስገባሉ፤ ከዚያ በሩን ከውጭ ይቆልፉና ቁልፉን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ለምሳ ይከፍታሉ፤ ከምሳ በኋላ መልሰው ይቆልፋሉ።

በየከተማው እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ብዙ ሰው ያሠራል፤ ሠራተኛ ግን የለውም። አንዱ ወንድሙ ነው፣ ሌላው እንደ ልጁ ነው፣ ሌላዋ የቤት ሰው ናት። ደመወዝ የሚል ቃል ሲነሣ ፊቱ ይጠቁራል፤ በዘመድ መካከል ምን ደመወዝ አለ? መቀሌም የራሷን አላጣችም። ቤቴ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ስለሆነ እኔ በየቀኑ አያቸዋለሁ።

“እዚህ ቤት ሸሪክ እንጂ ሠራተኛ የለም” ይላሉ ክቡርነታቸው። ግመሎች ከበረሃ ያመጡትን አሞሌ ጨው ጠርዙን በመጥረቢያ የሚያስተካክሉትና በገመድ የሚያስሩት ሸሪኮች ናቸው። በስንት እንደሚሸጥ የሚያውቁት ግን አንዱ ሸሪክ ብቻ ናቸው። ጨው ቢወደድም ቢረክስም ሌሎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀበሉት ያችኑ ነው። አንድ ጊዜ ጀይሉ የሚባለው ሸሪክ የዓመቱ ትርፍ የት እንደገባ ቢጠይቃቸው፣ “ሓወይ፣ የእኛ ትርፍ ፍቅራችን ነው” ብለውታል፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው።

ጣልያን ከወጣ ወዲህ የደመወዝ ግብር መጣ። አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባ ተባለ። አቶ ወልደአማኑኤል ሠራተኛ ስለሌላቸው የሚያስገቡት አልነበራቸውም። ሸሪኮቻቸውን በየስማቸው የጨው ነጋዴ ብለው አስመዘገቡና በሰላም አደሩ።

ከሸሪኮቹ አንዱ ይማም፣ ነጋዴ መሆኑን የሰማው የነጋዴ ግብር ክፈል ተብሎ ሲጠራ ነው። ይማም የወሎ ሰው ነው፤ ሀብቱ አንዲት ላም ናት፤ ሚስቱ ረሒማ ልጆቿን የምታሳድገው በላሟ ወተት ነው። እስከ ሰኞ ካልከፈለ ላሟ ትወሰዳለች ተባለ። በቀጥታ ወደ ሸሪኩ ሄደ።

“ጌታው፣ እኔ ነጋዴ ነኝ እንዴ?”

“ታዲያ ምንድን ነህ? ሸሪኬ አይደለህም?”

“እንግዲያው ግብሩን እንካፈለዋ።”

አቶ ወልደአማኑኤል ከልባቸው አዘኑ። “በእኔና በአንተ መካከል ገንዘብ ይግባ ትላለህ፣ ይማም?”

ይማም ወደ ግብር ሹሙ ወደ አቶ ረታ ሄዶ አመለከተ። አቶ ረታ ነገሩን በዓይናቸው ሊያዩ ሐሙስ ማለዳ መጡ። አቶ ወልደአማኑኤል እጅ ነሥተው ተቀበሏቸው። “እኔ እወጣለሁ፤ ሳይፈሩ ይንገሩዎት” አሉና በጨዋ ደንብ ወጡ። ከዚያ እጃቸው የለመደውን አደረገ፤ በሩን ቆለፉና ዓይናለም መንደር ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ።

ውስጥ ጀይሉና ሌሎቹ እንጀራቸው እንዳይቋረጥ ፈርተው “ሸሪክ ነን” አሉ። “እኔ ሠራተኛ ነኝ” ያለው ይማም ብቻ ነበር። አቶ ረታ ለአንድ ሰው ቃል ብዙም ያደሉ አይመስሉም ነበር፤ ሊሄዱ ብለው በሩን እስኪገፉት ድረስ። ሲንኳኳ ሰምቼ ተሻግሬ መጣሁ፤ በበሩ ስንጥቅ ድምፃቸው ይሰማል።

“ክፈቱ እንጂ!”

“ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው” አልኩ ከውጭ።

“ይቀመጡ ጌታዬ” አለ ይማም። “እስከ ምሳ አይከፈትም።”

“ሽንት ቢመጣስ?”

“ይቆያል።”

“ይህን የወሰነው ማነው?”

“ሸሪካችን።”

በምሳ ሰዓት አቶ ወልደአማኑኤል ሲከፍቱ ግብር ሹሙ ጨው ለብሰው ደፉ ላይ ቆመው አገኟቸው። “ሓወይ፣ ለሌባ ብዬ ነው” አሉ።

“ሌባው በየት በኩል ነው ያለው?” አሉ አቶ ረታ ኮታቸውን እያራገፉ። “ሸሪኩን ቆልፎበት የሚሄድ ሸሪክ አይቼ አላውቅም።”

የይማም ስም ከነጋዴዎች ተሰረዘ። የሠራተኞቹን ሁሉ የደመወዝ ግብር ያለፈውን ጨምሮ አቶ ወልደአማኑኤል ይክፈሉ ተባለ። ላሟ ከረሒማ ደጅ አልተነቃነቀችም።

ይማምን የሚያባርሩት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በማግስቱ እኔ ዘንድ መጥተው ተቀመጡ። የይማም ታናሽ ልጅ የሞተ ጊዜ ከለቅሶው ቤት ሳይወጡ መሬት ላይ ያደሩት እሳቸው ነበሩ። እኔም በንዳድ ስወድቅ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ያበረዱልኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰውዬው ስለ ሽርክናው ለግብር ሹም ዋሽተዋል፤ ለራሳቸው ግን የዋሹ አይመስለኝም።

“ያሳማኝ ቁልፉ ነው፣ አይደል?” አሉ።

“ቁልፉም አለበት” አልኩ።

ሰኞ ግብሩን ከፈሉ። ከደመወዝ ላይ ግብር ይቀነሳል፤ ሠራተኞቹ ግን ዛሬም ሸሪኮች ይባላሉ። ደግሞም ማንም “ሸሪክ አይደሉም” እንዳይላቸው አቶ ወልደአማኑኤል ቁልፉን ለእኔ ሰጥተው ራሳቸው አብረዋቸው ይገባሉ፤ ከውጭ የምቆልፈው እኔ ነኝ።

“ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የጎዱን” አለኝ ይማም ትናንት ለምሳ ስከፍትላቸው። “እሳቸውን የምናማበት ቦታ አጣን።”

ቁልፉ አሁን እኔ አንገት ላይ ነው። ነገ ማለዳ እቆልፍባቸዋለሁ።