ዝናቡ እስኪያባራ

አዲስ አበባ ውስጥ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ቢታይ ማንም ምንም አይለውም። ጠዋት በቱታ ቢሮጥ ለጤናው ነው፤ ማታ ብቻውን እያወራ ቢያልፍ ስልክ ነው ተብሎ ይተዋል። ትንሽ ከተማ ግን እንዲህ አይደለም፤ መንገድ ጉዳይ ይፈልጋል። ገበያ የሚሄድ ዘንቢል፣ ለቅሶ የሚሄድ ነጠላ፣ ቢሮ የሚሄድ ፋይል ይይዛል። እርስዎ ግን ምንም ሳይዙ ወጥተው፣ የትም ሳይደርሱ፣ ላብዎን እየጠረጉ ዞረው የሚመለሱ ከሆነ፣ እንግዲህ እግረኛ አይደሉም። ወሬ ነዎት።

ይህን ያወቅነው እኔና ባለቤቴ ራሔል ካፋ ውስጥ ቦንጋ ከገባን በኋላ ነው። እኔን ያመጣኝ የሥራ ዝውውር ነው። እሷ ግን አዲስ አበባ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ አድጋ፣ ከእናቷ ቤት ሁለት ሰፈር አልፋ ያገባች ሴት ናት። «እሺ፣ እመጣለሁ» አለችኝ፤ «ግን ክረምቱን ልሞክረውና ካልለመድኩ፣ ዝናቡ እንዳባራ እመለሳለሁ። አንተ እየተመላለስክ ትጠይቀኛለህ።» ተስማማሁ፤ ምን ምርጫ ነበረኝ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ትዳሬ ደመና ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ መስኮት ሥር ተቀምጣ ጭቃውን ስታይ ትውላለች። አንድ ቀን በማለዳ ተነስታ «በእግር እንሂድ» አለችኝ። ቦርጬን አይታ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሚስት የባሏን ቦርጭ እያየች ዝም ካላለች ፍቅር አለ ማለት ነው።

ቦንጋን የማታውቋት ካላችሁ ልንገራችሁ፦ ከተማዋ ዳገት ናት። ቁልቁለት ካገኛችሁም አትደሰቱ፤ ስትመለሱ እሱም ዳገት ነው። ራሔል ውሃና ጃንጥላ የያዘ ቦርሳ በጀርባዋ አዝላ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ትፈተለካለች። እኔ ከኋላ እያለከለክሁ «ኧረ ቆይ! ኧረ ጠብቂኝ!» እላለሁ። እሷ ወይ ፍንክች።

«ወዴት ነው?» ይላታል መንገደኛው።

«የትም» ትላለች ሳትቆም።

ቀጥሎ እኔ እደርሳለሁ። «እርስዎስ ወዴት ነው?»

«እሷን ተከትዬ» እላለሁ። እውነቴን ነዋ!

አንድ ጠዋት ደግሞ ባለ ባጃጅ አጠገቤ ቆመና «ጋሼ፣ ቶሎ ይግቡ፤ መኪናው ሳይወጣ ያገኟታል» አለኝ። የአገሩ ሰው እንዴት ያለ ደግ ነው ብዬ ዘልዬ ገባሁ። መናኸሪያው በር ላይ ቀድሟት ከፊቷ አወረደኝ። የጅማ ተሳፋሪ በሙሉ ዞሮ ሲያየን ራሔል በሳቅ ተንከተከተች፤ እኔም ክንዷን ይዤ ወደ ቤት መለስኳት። ለሚያይ ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እሑድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። አከራያችን ጋሽ ገብሬ፣ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ ከወልቂጤ መጥተው እዚያው ሰፈር ሱቅ የከፈቱት ሐጂ ከድር ናቸው። ገብተው ተቀመጡ። ጋሽ ገብሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጆቼ፣ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። እናንተ እንግዶች ናችሁ፣ እዚህ ዘመድ የላችሁም። እኛ እያለን ልጅቷ በየማለዳው ጓዟን ይዛ ስትሄድ፣ አንተም እየለመንክ ስትከተል ዝም ብለን አናይም።»

«ኧረ አልተጣላንም!» አልኩ።

«መጀመሪያ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው» አሉ ሐጂ ከድር።

ስለ ስፖርት አስረዳሁ፤ ስለ ደም ግፊት አስረዳሁ፤ በመጨረሻ ቦርጬን አሳየሁ። ውሸታም እንደሚደመጥ ሆኜ በትህትና ተደመጥኩ። «አንተ ቆይ፤ እሷ ትናገር» አሉ ጋሽ ገብሬ።

ራሔል እስከዚያ ድረስ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፍና ነበር። ልትናገር ስትል ግን ሳቁ ጠፋ።

«ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም» አለች። «ቤት ስቀመጥ እናቴ ትናፍቀኛለች፤ ደረቴን ይይዘኛል። ስሄድ ይለቀኛል። እንዲለቀኝ ነው የምሄደው።»

እኔ እኮ ለቦርጬ መስሎኝ ነበር! ስንት ማለዳ ጀርባዋን ብቻ እያየሁ ተከትያታለሁ፤ ፊቷ ላይ ያለውን በምን ልወቅ? አሳዘነችኝ፤ እዚያው በሽማግሌ ፊት ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

«ታዲያ ልጄ፣ ለዚህ ሽማግሌ ምን ያደርጋል?» አሉ እትዬ አስካለ። «ለዚህ ጓደኛ ነው። ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ። ባዶ እጅሽን ግን አትውጪ፣ ሰው ይደነግጣል። ዘንቢል ያዢ።»

«ለመሆኑ እስከ መቼ ልትቆዪ ነው የመጣሽው?» ጠየቁ ጋሽ ገብሬ።

«ዝናቡ እስኪያባራ።»

ሦስቱም ተያዩ። ጋሽ ገብሬ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ዝናቡ እስኪያባራ? እዚህ ካፋ?»

«እኔም እኮ» አሉ ሐጂ ከድር፣ «በወጣትነቴ ዝናቡ እስኪያባራ ልጠለል ብዬ ነው እዚህ የቆምኩት። ይኸው የልጅ ልጅ አየሁ።»

በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች ዘንቢል አንጠልጥለው ወጡ። ባዶ ዘንቢል ነው፤ ግን «ወዴት ነው?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ሰንብቶ የሰፈሩ ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ ተጨመሩ። አንድ ቅዳሜ ማንኪራ ጫካ ድረስ ዘልቀው፣ ውስጡን ሲዞሩ ውለው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ፣ ዘንቢሉም ጎደሬና ማር ሆኖ ተመለሱ። ራሔል ማሩን በጣቷ እያላሰችኝ የዛፍ ዓይነት ስትቆጥርልኝ አመሸች። እኔም እንደ ወትሮው ከኋላ እከተላለሁ፤ አሁን ግን የምከተለው ሰልፍ ረዝሟል፤ የሚያዝንልኝም የለም።

ከዚያ ደግሞ የፈራሁት መጣ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰማዩ ጠርቶ፣ የቤታችን ቆርቆሮ ጸጥ አለ። መንገዱ ደርቆ አቧራ ማስነሳት ጀመረ። ለሌላ ሰው ይህ ብሩህ ጠዋት ነው፤ እኔ ግን ፀሐይን እንዲህ ጠልቼ አላውቅም። ራሔል በር ላይ ቆማ ወደ ላይ አንጋጣ ቆየች።

«አባራ እንዴ?» አልኳት ከአልጋዬ ሳልነሳ።

ዞር ብላ አየችኝ። ቀጥሎ ወደ ሰማይ፣ ቀጥሎ እንደገና ወደ እኔ።

«ኧረ ይሄ ማባራት አይደለም» አለች፤ «ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው።»

ከዚያም ጃንጥላዋን ዘንቢሉ ውስጥ ከታ ወጣች።