የጋሽ ዱካሞ መብራትና የእኔ ሠንጠረዥ

ፍጥረት ሁሉ ብርሃን ይወዳል የሚል እምነት አለን። ከየት እንዳመጣነው ባላውቅም፣ በየምሽቱ በበረንዳ አምፖል ዙሪያ ሲሽከረከር የሚያድረው ነፍሳት ሳያጠናክርልን አልቀረም። አባቶቻችን ግን ለዚያ ነፍሳት ስም ሲያወጡለት «የእሳት እራት» አሉት እንጂ «ብርሃን ወዳድ» አላሉትም። በአወጣጣቸው ውስጥ አንድ ጥንቃቄ ይታየኛል፤ ወደ ብርሃን የሚሄድ ሁሉ ወዶ አይሄድም። ይህን ጥንቃቄ እኔ የተማርሁት ዘግይቼ፣ ያውም በሀዋሳ ሐይቅ ላይ በጀልባ ተቀምጬ ነው።

አስቀድሜ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ነገርን በመልክ በመልኩ ካላስቀመጥሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የቤቴ የቅመም ብልቃጦች በፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው፤ በ«ለ» የሚጀምር ቅመም ስላላገኘሁ ከሄል ቀጥሎ ያለው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። እርስዎ ይስቁ ይሆናል። መሃል ከተማ ያለው መሥሪያ ቤቴ ግን በዚሁ ጠባዬ ደመወዝ ይከፍለኛል፤ ሥራዬ መመሪያ ማርቀቅ ነው።

የአንድ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበር የሆኑት አቶ ላሚሶ ወደ እኔ የመጡትም ይህን ሰምተው ነው። ማኅበሩ ውስጥ ነገር ተነሥቶ ነበር። ጋሽ ዱካሞ የተባሉ አንጋፋ አባል (ትክክለኛ ስማቸው አይደለም፤ ታሪኩን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ ስሙን ከለወጥሁ ብቻ ነው) ምሽት ላይ ብቻቸውን እየወጡ፣ ከጀልባቸው ጫፍ ላይ የሶላር መብራት ሰቅለው ያጠምዳሉ ተባለ። ከሳሹ ጋሽ ማቴዎስ ናቸው፤ ለተከሳሹ እኩያም ጎረቤትም። መብራት የደረሰውንም ያልደረሰውንም ዓሣ ጠርቶ ያስጨርሳል፣ ሐይቁ የሁላችን ሆኖ ሳለ ዱካሞ ዓሣውን በየስሙ እየጠራ ያወጣዋል ነው ክሱ። ከተፈረደባቸው ከማኅበሩ ይሰረዛሉ፤ ጀልባቸውም ከዳርቻው ይነሣል። ሌላ ሥራ የማያውቅ ሰው ከውሃ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ዓሣን መጠየቅ ነው።

ከእኔ የተፈለገው መብራትን የሚከለክል አንቀጽ ብቻ ነበር። እኔ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ በሚለው የማምን ነኝና በስብሰባው ላይ አንድ ጥያቄ አቀረብሁ። መብራት በእርግጥ ዓሣ ይጠራል ወይ? ጋሽ ማቴዎስ ወደ ሊቀመንበሩ ዘንበል አሉና፣ የተማረች ሴት እንዲህ ያለውን የሕፃን ጥያቄ ትጠይቃለች ብለው እንዳልገመቱ በሲዳምኛ ነገሯቸው። ሲዳምኛ እንደምሰማ አላወቁም። እኔም አላሳወቅሁም።

ይበልጥ የገረመኝ የተከሳሹ ዝምታ ነበር። ጋሽ ዱካሞ አድርጌአለሁ አላሉም፤ አላደረግሁም አላሉም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መሬት መሬቱን አዩ። ክሱን የማይክድ፣ ግን የማያምንም ሰው ሲያጋጥመኝ እጄ ወደ ማስመሪያዬ ይሄዳል። ፍርዱ በሁለት ሳምንት ይዘግይልኝ፣ ራሴ አይቼ እጽፋለሁ አልሁ።

ሠንጠረዡን በጥንቃቄ አዘጋጀሁ። ግማሽ ሰዓት መብራት በርቶ፣ ግማሽ ሰዓት ጠፍቶ፣ ይህም ሁለት ጊዜ። አንድ ምሽት አይበቃም፤ ሌላ ምሽት ይደገማል። ጨረቃ የሌለበት ቀን ተመረጠ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ አቶ ላሚሶ ዳር ቆመው እየጠበቁን፣ ከደንገሉ ጥቂት አለፍ ብለን ቆምን። ጋሽ ዱካሞ ከፊት፣ እኔ ከጀርባቸው። ሌላ ብርሃን ጥናቴን እንዳይበክለው ስልኬን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ።

መብራቱ እንደበራ ትንኙ ወረደ። ውሃው ላይ የረገፈውን ትንኝ ሊለቅሙ ከጥፍር የማይበልጡ ዓሦች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ብቅ ብቅ አሉ። ጉንጬን በእጄ ደግፌ እንደ ሕፃን አየኋቸው፤ የጋሽ ማቴዎስ ክስ ቢያንስ ግማሽ እውነት ነበረው። ጋሽ ዱካሞ ቃል ሳይተነፍሱ መንጠቆ እያበሉ፣ እየጣሉ፣ እየሳቡ ሰባት አምባዛ አወጡ። መብራቱ ጠፋ፤ ዜሮ። በራ፤ አምስት። ጠፋ፤ ዜሮ።

እንዲህ ያለ ንጹሕ ውጤት በተማሪነቴ ዘመን እንኳ አላየሁም። ቤቴ ገብቼ አንቀጹን በአንድ ትንፋሽ ጻፍሁት። ሰውን ከኑሮው የሚነቅል ዓረፍተ ነገር እንዲህ ያምራል ብዬ አልገመትሁም ነበር። ሁለተኛውን ምሽት ልተወው ዳድቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ይደገማል ብዬ ጽፌ ነበርና የጻፍሁትን መሰረዝ አልወድም።

ደገምን። ውጤቱም ራሱን ደገመ። አንድ ነገር ብቻ ልብ አልሁ፤ ጋሽ ዱካሞ መብራት ሲበራ ዝምተኛ፣ ሲጠፋ ጨዋታ ወዳድ ናቸው። በጨለማው ግማሽ ሰዓት ስለ ሐይቁ የድሮ መልክ፣ ጀልባ ስለገለበጠ አንድ አመለ ቢስ ጉማሬ ሲያወጉኝ ሰዓቱ አይታወቀኝም። በመጨረሻው ጨለማ ላይ፣ ዜሮዬን ልጽፍ ስል እርሳሴ ከእጄ አመለጠ። የራሴን ሕግ ጥሼ፣ ለአንዲት ደቂቃ ብቻ ብዬ፣ የስልኬን መብራት አበራሁ።

መንጠቆዎቹ በሙሉ የጀልባው ወለል ላይ ነበሩ። ደረቅ። የመንጠቆው ምግብ ያለበት ጣሳ በጋሽ ዱካሞ ቀኝ ጉልበት ሥር ነው፤ እጃቸው በግራ በኩል ይዳብሳል።

«ጋሽ ዱካሞ፣ መንጠቆው እኮ ውሃ ውስጥ የለም» አልኋቸው።

ወደ ድምፄ ዞሩ፤ ወደ እኔ ግን አልዞሩም። እኔ ካለሁበት አንድ ክንድ ያህል ወዲያ ያለውን ባዶ ቦታ ትክ ብለው ያያሉ።

«ዳፍንት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ፀሐይ ስትጠልቅ ዓይኔም አብራ ትጠልቃለች። መብራቱ ለዓሣው አይደለም ልጄ፤ ለጣቴ ነው።»

ታዲያ ይህን ለማኅበሩ ቢናገሩ ምን ነበረበት ስላቸው ሳቅ አሉ።

«ሌባ ቢሉኝ ነገ ይረሱታል። ታውሯል ካሉ ግን ጀልባዬን የሚወስዱት ለእኔ አዝነው ነው። አዝኖልሽ የቀማሽን ሰው በምን ትከሺዋለሽ?»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔ ያወጣሁት ሽማግሌ ነው። ሁለት ምሽት ሙሉ ስለ ዓሣ የመዘገብሁ መስሎኝ የመዘገብሁት ስለ ሰው ነበር። ዜሮዎቹ ዓሣው አልመጣም ማለት አልነበሩም፤ ማንም አልጠራውም ማለት ነበሩ።

ወደ ዳር ስንመለስ ዓይን ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ለመንኋቸው። የሲዳማው ዘመን መለወጫ ፊቼ ይለፍና አሉኝ፤ በጉዱማሌ አደባባይ የሚከበረው በቀን ስለሆነ ለእርሱ ዓይናቸው እንደሚበቃ አስረዱኝ። ለማንም እንዳልናገርም አስማሉኝ። አሁን እርስዎ በእኔ ቦታ ይሁኑ። ብናገር ጀልባቸውን ያጣሉ። ዝም ብል ይሰረዛሉ፤ ባይሰረዙም ያ አመለ ቢስ ጉማሬ አለ።

ያን የሚያምር አንቀጼን ቀደድሁና ሦስት አዳዲስ ጻፍሁ። አንደኛ፣ ጫጩት ዓሣ እንዳያልቅ ወደ ውሃ የሚያበራ መብራት ክልክል ነው። ሁለተኛ፣ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ የሚወጣ ጀልባ ሁሉ ወደ ውስጡ ብቻ የሚያበራ ክዳን ያለው መብራት መያዝ አለበት። ሦስተኛ፣ ማንም በምሽት ብቻውን አይወጣም። ምክንያቱን አቶ ላሚሶ ሲጠይቁኝ የጉማሬ ጥንቃቄ ነው አልኋቸው። ጉማሬዎቹን የጠየቀ የለም። ስላለፈው ጥፋትም፣ ደንብ ወደ ኋላ ተመልሶ አይቀጣም ብዬ ክሱን ዘጋሁት።

በስብሰባው ላይ የፈራሁት ጋሽ ማቴዎስን ነበር። ተነሡ፤ ረቂቁን በመስኮቱ ብርሃን አቅጣጫ እስከ አፍንጫቸው አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሁለተኛውን አንቀጽ ከማንም አስቀድመው ደገፉ። አንድ ማብራሪያ ብቻ ፈለጉ፤ ወደ ውስጥ የሚያበራው መብራት ትንሽ ጠንከር ያለ ቢሆን ደንቡ ይፈቅዳል ወይ? ጋሽ ዱካሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ቀና ብለው ከሳሻቸውን አዩ። ጊዜው ቀን ስለነበር በደንብ ነው ያዩአቸው።

ሦስተኛው አንቀጽ የራሱን ሥራ ሠራ። አባላቱ ሁሉ ከወንድም፣ ከልጅ፣ ከአማች ጋር ተጣመሩ፤ ብቻቸውን የማጥመድ ልማድ ያላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ቀሩ። ማን ማን እንደሆኑ እርስዎ አይጠፋዎትም።

ከሳምንት በኋላ በሐይቁ ዳር ሳልፍ ከደንገሉ ወዲያ አንዲት ጀልባ፣ በውስጧ አንድ መብራት፣ በመብራቱ ላይ የተደፉ ሁለት ኮፍያዎች አየሁ።

«ወደዚህ አድርገው እንጂ፣ አይታየኝም» ይላሉ ጋሽ ማቴዎስ።

«አንተ ደግሞ ምን ልሁን ትላለህ? ከሳሽ አይደለህ፣ ሁሉን ታያለህ» ይላሉ ጋሽ ዱካሞ።

መብራቱ ግን ወደተባለበት ሲዞር አየሁ።

ፊቼ አለፈ። ብርሃንን ትልቁም ዓሣ ይወደው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላረጋገጥሁም፤ ሠንጠረዡ ከሄል ቀጥሎ ባለው ባዶ ቦታ ተጣጥፎ ተቀምጧል። በቀደም በአንድ ዓይን ሐኪም ቤት ደጃፍ ሳልፍ ሁለቱ ሽማግሌዎች ወረፋ ይዘው ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጋሽ ዱካሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ማቴዎስን ለማድረስ እንደመጡ ነገሩኝ። ጋሽ ማቴዎስም በተራቸው ጠጋ ብለው ዱካሞን ለማድረስ እንደመጡ ነገሩኝ፤ ያውም እንደምሰማ አያውቁም ባልሁት በሲዳምኛ።