እስከ መስከረም መሞት ክልክል ነው

(ደሴ፣ ፒያሳ። ጸጋው ከአንድ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ትልቅ ጃንጥላ ተክሎ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጉዳይ ሲጽፍ ኖሯልና ሕግ የሚባለው ነገር ሳያማክረው የሚወጣ አይመስለውም። ደንበኛ የሚያመጣለትን ወረቀት ግን አያነብም፤ "እኔ ሰው ነው የማነበው" ይላል። ፊቱ የተቀመጠው ሀፊዝ የሆጤ ሰፈር ባጃጅ ነጂ ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ብሎ ሰፈሩ የፈረደበት። በእጁ የታጠፈ መጥሪያ ይዟል። ሁለቱም የአንድ ቅሬ አባላት ናቸው፤ ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።)

ጸጋው፦ አምስት "ሃ" ነው የጻፍከው! አምስት!

ሀፊዝ፦ ሦስት ናት ጋሽ ጸጋው። ወላሂ ሦስት ብቻ ናት።

ጸጋው፦ እየውልህ፣ ሦስት "ሃ" ፈገግታ ነው። አራት "ሃ" ተግሣጽ አለበት። አምስት ከሆነ ግን ሆን ተብሎ የተፈጸመ ሳቅ ነው፤ ዋስትና ያስከለክላል።

ሀፊዝ፦ ሕጉ ላይ እንዲህ ይላል?

ጸጋው፦ ሕጉ ምን እንደሚል አንተ ነህ የምትነግረኝ?

ሀፊዝ፦ ኧረ እኔ መች ወጣኝ! እኔ የመጣሁት ለስልኬ ነው። ፖሊስ ኤግዚቢት ብሎ ይዞብኛል፤ ትመለስልኝ የሚል ማመልከቻ እንዲጽፉልኝ ብዬ ነው። እስቲ ወረቀቱን ቢያዩት...

ጸጋው፦ (ወረቀቱን በመዳፉ እየመለሰ) አስቀምጠው። ማኅተሙን ከሩቅ አይቼዋለሁ፤ መጥሪያ ነው። ሰው መጥሪያ ይዞ ስለ ስልክ ያወራል? ቤቱ እየነደደ መጥረጊያዬን ፈልጉልኝ የሚል አንተን አየሁ።

ሀፊዝ፦ ታዲያ ስልክ ከሌለኝ ደንበኛ በምን ይደውልልኛል?

ጸጋው፦ እስር ቤት ውስጥ ማን ባጃጅ ይጠራል?

ሀፊዝ፦ (ደንግጦ) እስር ቤት? ያረቢ! እነሱ እንዲህ አላሉኝም እኮ። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻ ና" ነው ያሉኝ።

ጸጋው፦ "ብቻ ና"! አየህ፣ አደገኛው እሱ ነው። ፖሊስ ሲቆጣህ አትፍራ፤ በትሕትና "ብቻ ና" ካለህ ግን ብርድ ልብስ አዘጋጅ። በል የጻፍከውን በቃልህ ድገምልኝ። ሳትስቅ።

ሀፊዝ፦ በቅሬያችን ቴሌግራም ላይ ነው የለጠፍኩት። (ጉሮሮውን ጠርጎ) "ለቅሬያችን አባላት በሙሉ። የልቅሶ ድንኳናችን ስለሚያፈስ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ መሞት ክልክል ነው። ከመስከረም በፊት የግድ መሞት ያለበት አባል የራሱን ጃንጥላ ይዞ ይምጣ። ሃ ሃ ሃ።"

ጸጋው፦ (ሳቁን ለማፈን ሲታገል ጃንጥላው ይነቃነቃል) ወንጀል! ጥርት ያለ ወንጀል!

ሀፊዝ፦ ምኑ?

ጸጋው፦ መሞት የሰው ሁሉ መብት ነው፤ አንተ ከለከልክ። በዚያ ላይ ሥልጣን ሳይኖርህ መመሪያ አወጣህ። በዚያ ላይ ሐሰተኛ መረጃ...

ሀፊዝ፦ ሐሰት አይደለም እኮ። ያፈሳል።

ጸጋው፦ ምኑ?

ሀፊዝ፦ ድንኳኑ ነዋ። እርስዎም ያውቁታል። የሼህ መሕሙድ ልቅሶ ላይ ዝናቡ ሳህንዎ ውስጥ ገብቶ "ወጡ ቀጠነ" ብለው ተቆጥተው አልነበር?

ጸጋው፦ እውነት መሆኑ ነው የባሰው! ሐሰት ብትናገር "ተሳስቼ ነው" ትላለህ። እውነት ተናግረህ ምን ልትል ነው?

ሀፊዝ፦ (አስቦ) ድንኳኑ ያፈሳል እላለኋ።

ጸጋው፦ አንተን ይዞ ችሎት መግባት! ስማኝ፣ ሐሳብን በነጻነት መግለጽ መብት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ላይ አለ። ግን መብት ማለት እንደ ባጃጅህ ነው፤ ፍሬን ያስፈልገዋል።

ሀፊዝ፦ የኔ ፍሬን ይሠራል። ባለፈው ሳምንት ነው ያስቀየርኩት።

ጸጋው፦ ምሳሌ ነው!

ሀፊዝ፦ እ። እኔማ ትራፊክም ከሶኛል ብዬ...

ጸጋው፦ ያንተ ፍሬን የት እንደተበጠሰ ልንገርህ። እማማ ገበያነሽ በሞቱበት ሰሞን ቀለድክ።

ሀፊዝ፦ ኧረ በአላህ! እኔ ስለጥፈው እማማ ገበያነሽ ደኅና ነበሩ። እንዲያውም ቅዳሜ ከገበያ ሳደርሳቸው ባጃጅ ውስጥ አነበብኩላቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ፣ ሲስቁ... ሲወርዱ ምን አሉኝ መሰለዎት? "በል ሀፊዜ፣ እኔንም ከመስቀል በፊት እንዳትጠብቁኝ" አሉኝ። ሰኞ አመሻሽ ላይ ሞቱ። በዚያ በሐምሌ ዝናብ። ድንኳኑን ከሥር በእንጨት ደግፌ የቆምኩት እኔ ነኝ። ውሃው በእጅጌዬ ገብቶ በጫማዬ ሲወጣ፣ "አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ቀልዴ ደረሰብዎት" እል ነበር።

ጸጋው፦ (ቶሎ ብሎ) ይሄን እዚያ እንዳትናገር። ልብ ይነካል። ልብ የሚነካ ነገር ዳኛ አይወድም።

ሀፊዝ፦ ለነገሩ ሰውን ያስከፋው የኔ አይደለም። የኔ ድንኳኑ ላይ አበቃ። ሌላ ሰው ወደ ፌስቡክ ወስዶ አንድ መስመር ቀጠለበት። ወረቀቱም ላይ የሚለው...

ጸጋው፦ (ዓይኑ በርቶ) ቆይ፣ የትኛዋ መስመር?

ሀፊዝ፦ "ማሳሰቢያ፦ ትናንት ሳያስፈቅዱ የሞቱት እማማ ገበያነሽ ከአባልነት ተሰርዘዋል" የምትለዋ።

ጸጋው፦ (ጠረጴዛውን እየደበደበ ይስቃል) "ሳያስፈቅዱ"! ሰማህ? "ሳይናገሩ" አላለም፤ "ሳያስፈቅዱ"! ይቺ ቃል ዝም ብላ አትመጣም። ሃያ ሁለት ዓመት ማመልከቻ የጻፈ እጅ ትፈልጋለች።

ሀፊዝ፦ (ቀስ ብሎ) የማን እጅ?

ጸጋው፦ (ግራ ቀኙን አይቶ) "የሆጤው ጠቢብ" የሚለውን ገጽ ታውቀዋለህ? አራት ሺህ ተከታይ ያለውን?

ሀፊዝ፦ በስም አውቀዋለሁ። ሰውዬው ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም ይላሉ።

ጸጋው፦ ፊትህ ተቀምጧል።

(ሀፊዝ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ጸጋው ያደነቀው መስሎት የኮቱን ኮሌታ ያስተካክላል።)

ሀፊዝ፦ ጋሽ ጸጋው... ከቅሬ መሰረዝ ማለት ቀባሪ ማጣት ነው እኮ። እማማ ገበያነሽ ሠላሳ ዓመት በየሰዉ ልቅሶ ውሃ የቀዱ ሴትዮ ናቸው።

ጸጋው፦ ቀልድ ነዋ!

ሀፊዝ፦ ልጃቸው ሰርክአዲስ አንብባዋለች።

ጸጋው፦ እሷ ደግሞ እንዴት አገኘቻት?

ሀፊዝ፦ ኮምቦልቻ አይደል የምትሠራው? እናቷን ልትቀብር በሚኒባስ ስትመጣ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ከጎኗ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንድ ስልክ ላይ አፍጥጠው ይስቃሉ። ምን አገኙ ብላ ዘወር ስትል የእናቷ ስም ነው።

ጸጋው፦ (ሳቁ ይደርቃል፤ ፊቱ ይጠቁራል) ይሄማ... ይሄማ የሚኒባሱ ጥፋት ነው።

ሀፊዝ፦ የሚኒባሱ?

ጸጋው፦ ሰው እንደዚያ አጠጋግቶ ይጭናል? (ራሱን ሰብስቦ) በል ነገር አታብዛብኝ። ተከሳሹ አንተ ነህ፣ የምናድነው አንተን ነው።

(በሦስት ወረቀት መካከል ሁለት ካርቦን ያስገባል።)

ሀፊዝ፦ ሦስት ምን ያደርጋል?

ጸጋው፦ አንድ ለእነሱ፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ላንተ። ኮፒ የሌለው ሰው ሰው አይደለም፤ ይቺን ከኔ ያዝ። (እየጻፈ ያነባል) "ጉዳዩ፦ ጥፋተኛ አለመሆኔን ስለማሳወቅ። እኔ አመልካች የጻፍኩት ስለ ድንኳን እንጂ ስለ ሟች አይደለም..."

ሀፊዝ፦ ይቺ እውነት ናት።

ጸጋው፦ "...ሟችን የሚመለከተው የመጨረሻው መስመር በእኔ በባጃጅ ነጂው አቅም ሊጻፍ የማይችል፣ የቋንቋ ብስለት የሚጠይቅ በመሆኑ..."

ሀፊዝ፦ እንዲህ ማለቱ የግድ ነው?

ጸጋው፦ ሙግት ነው! ደግሞ ያቺን መስመር ያንተ ናት ብለው ቢያምኑ ለእኔ ነውር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጽፌ አንዲት ነገር በስሜ አልወጣችልኝም። ከሳሽ እገሌ፣ ተከሳሽ እገሌ፤ ጸጋው የት አለ? "...የመስመሯ ባለቤት 'የሆጤው ጠቢብ' በሚል ስም የሚጽፉት አቶ ጸጋው መሆናቸው እንዲታወቅልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።"

ሀፊዝ፦ እርስዎንስ አይጠይቁዎትም?

ጸጋው፦ እኔን? አዬ ሞኝ! በአንድ ቀልድ ሁለት ሰው አይከሰስም። ጀማሪው ተይዟል፣ አለቀ። (ከግርጌ "ጸሐፊ" ብሎ ይፈርማል፤ የራሱን ማኅተም በሦስቱም ላይ ይመታል) እንካ ኮፒህን። አሁን መጥሪያውን ስጠኝ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ልገልብጥ።

(ሀፊዝ ኮፒውን አጥፎ ወደ ውስጥ ኪሱ ይከታል፤ መጥሪያውን ያቀብላል።)

ጸጋው፦ (በድምፁ ሙሉ) "ለአቶ ሀፊዝ ሰዒድ። 'የሆጤው ጠቢብ' በሚል ስም የሟች ወይዘሮ ገበያነሽን ክብር የሚነካ ጽሑፍ ያሰራጨው ግለሰብ... ማንነቱ ለጊዜው ያልታወቀ በመሆኑ... የሚያውቁትን እንዲያስረዱ በ... በምስክርነት..." (መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል፤ መልሶ ያደርጋል። ጽሑፉ ያው ነው።) ምስክር ነህ?

ሀፊዝ፦ ከመጣሁ ጀምሮ ልነግርዎት ነበር።

ጸጋው፦ እና በግድ አትነግረኝም!

ሀፊዝ፦ ሰው ነው የማነበው ብለው የለ? እስኪያነቡኝ ጠበቅሁ።

ጸጋው፦ (ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ሁለት ኮፒዎች ይቦጫጭቃል) አለቀ! ምንም አልተባለም፣ ምንም አልተጻፈም!

ሀፊዝ፦ (ኪሱን እየዳበሰ) ሦስተኛዋስ?

ጸጋው፦ አምጣት!

ሀፊዝ፦ ኮፒ የሌለው ሰው...

ጸጋው፦ ሀፊዜ፣ ወንድሜ፣ አንድ መስመር እኮ ናት! ለአንድ መስመር ቀልድ ሰው ይታሰራል? የመናገር መብት የት ሄደ?

ሀፊዝ፦ ቅድም ፍሬን ያስፈልገዋል አሉኝ።

ጸጋው፦ ምሳሌ ነው አልኩህ እኮ! ያንተም ቀልድ ነው፣ የእኔም ቀልድ ነው። ለምን እኔ ብቻ?

ሀፊዝ፦ የኔማ የቅሬውን ኮሚቴ አሳፍራ ድንኳኑን አሰፋችው፤ ባለፈው እሑድ አዲስ ሸራ ለበሰ። የእርስዎ ማንን ሰፋች? አብሽሩ ጋሽ ጸጋው። ለቀልድ ሰው ይታሰር የሚል አንጀት የለኝም። ዛሬ ለእርስዎ መስመር የመጡ ነገ ለእኔ ድንኳን ይመጣሉ። ግን ቁርኣን መትቼ አልዋሽም። አሁን ሰባት ተኩል ነው፤ ቀጠሮዬ ዘጠኝ ሰዓት። ከሳሿ ሰርክአዲስ እናቷ ቤት ናት። ሄደው ይቅር በይኝ ይበሏት። ክሱን ትተወው አትተወው እሷ ታውቃለች። እኔ ግን ስመሰክር "ይቅርታ ጠይቀዋል" የሚለውንም አብሬ እመሰክራለሁ።

ጸጋው፦ (ተጣድፎ ብዕር ያነሳል) እሺ፣ እሺ... "ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ..."

ሀፊዝ፦ በአፍዎ ጋሽ ጸጋው።

ጸጋው፦ በአፌ? (ብዕሩን ያስቀምጣል፤ አፍሯል፣ ፈርቷልም) ለራሴ ተናግሬ አላውቅም እኮ። ምን ልበላት?

ሀፊዝ፦ እኔ መች ወጣኝ። ቅድም የሚኒባሱን ስነግርዎት ፊትዎ ጠቁሮ ነበር። እሱን ፊት ይዘው ይግቡ።

(ሰማዩ ይጮኻል። ዝናቡ አጥሩን መደብደብ ይጀምራል። ሀፊዝ ሮጦ ባጃጁን ያስነሳል።)

ጸጋው፦ ዝናብ መጣ! እስኪያባራ ትንሽ አንቆይም?

ሀፊዝ፦ (ከባጃጁ ውስጥ) የባጃጄም ሸራ ያፈሳል! ጃንጥላዎን ነቅለው ይምጡ፤ ደንቡን ያውቁታል!